ገላንና የናፍጣ መኪኖቿ

ከአዲስ አበባ መካከል ተነሥቶ በሳሪስና በቃሊቲ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ፥ የአቃቂን ሜዳ ባየ ጊዜ ከተማው ያለቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አላለቀም። በምሥራቅ የየረርን ተራራ፥ በደቡብ ደግሞ በሩቁ እንደ ተከደነ መሶብ ቁጭ ብሎ የሚታየውን የዝቋላን ተራራ እየተመለከተ በተዘረጋው ሜዳ ላይ፥ ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶች በረድፍ በረድፍ ቆመውበታል። ከእነዚህም ሰፈሮች አንዱ ገላን ኮንዶሚኒየም ይባላል። ገላን የቱለማ ኦሮሞ የጎሣ ስም ሲሆን፥ በዚሁ ስም የሚጠራ ከተማም በአጠገቡ ስላለ እንግዳ ሰው ሁለቱን እያደባለቀ ሲቸገር ይታያል። ከተማው በኦሮሚያ ክልል ያለ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ግን በአዲስ አበባ አስተዳደር፥ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው።

በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ ምክንያት፥ ዕጣ የደረሰው ሁሉ ከየሰፈሩ ተነሥቶ ወደ እንደዚህ ያሉ ዳርቻዎች መጣ። የመርካቶው ሰው ከካዛንችሱ፥ የካዛንችሱም ከሽሮ ሜዳው ጋር በአንድ ደረጃ ላይ ጎረቤት ሆነ። ቤት ሲገኝ ግን ሥራው፥ ገበያውና ዘመዱ በሩቅ ቀረ። ስለዚህ በገላን የሚኖር ቤተሰብ ከማንኛውም ነገር በፊት የሚያስበው የመንገድን ነገር ነው። በሕንጻዎቹ መካከል ባለው ባዶ ስፍራ ማለዳ የሚመላለስ ሰው፥ ከትንንሾቹ አውቶሞቢሎች ይልቅ ዓይኑን የሚስቡት ከኋላቸው ጭነት የሚችሉት የናፍጣ መኪናዎች፥ ሕዝቡ ፒክአፕ የሚላቸው፥ ቶዮታ ሃይሉክሶችና አይሱዙ ዲ-ማክሶች መሆናቸውን ያስተውላል። እነዚህ መኪናዎች ለጌጥ የተገዙ አይደሉም። የዱቄት ከረጢት፥ የሰርግ ድንኳንና ወንበር፥ የውሃ ሮቶ፥ ቤት ለሚለቅ ሰው አልጋና ቁም ሣጥን ያጓጉዛሉ፤ በሰንበትና በበዓል ቀን ደግሞ ጎረቤትን ጭነው ወደ ገዳም ይሄዳሉ። የብዙው ቤት የባንክ ዕዳ በየወሩ የሚከፈለው ከእነርሱ ጀርባ በሚገኘው ገንዘብ ነው።

ማለዳ በዚያ ግቢ የቆመ ሰው አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሲሰጠው ከጉርምርምታው በላይ የሚወጣ ቀጭን ፉጨት ነው። ይህን የሚያሰማው ቱርቦ የሚባለው ዕቃ ነው። የዚህ ዕቃ ጤንነትና ሕመም በገላን የስንቱን ቤት ኪስ እንደሚያራቁት ስለ ተመለከትን፥ ምን እንደ ሆነና ለምን ቶሎ እንደሚሞት መግለጽ ለባለ መኪና ብቻ ሳይሆን፥ የቤቱን ወጪ ለምትቆጣጠር እመቤትም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ሞተር የሚሠራው ነዳጅን ከአየር ጋር በማቃጠል ነው። አየር ካነሰ ነዳጁ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ኀይልም ይጎድላል። ቱርቦ በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ ላይ የተተከሉ ሁለት ትንንሽ ባለ ክንፍ መንኰራኩሮች ናቸው፤ አንደኛውን ከሞተሩ የሚወጣው የጋለ ጭስ ያሽከረክረዋል፥ ሁለተኛው በዚያው ዙረት አየርን ከውጭ እየሳበ ወደ ሞተሩ ይጨምቃል። በከንቱ ይባክን የነበረ ጭስ ሥራ ተሰጠው ማለት ነው። ይህን ሐሳብ በሕግ ያስመዘገበው ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ሲሆን፥ ጊዜውም በአውሮፓ አቆጣጠር 1905 ነበር።

ለእኛ ለደጋ አገር ሰዎች የሚጥመው ታሪክ ግን የሚቀጥለው ነው። በ1918 (እንዲሁ በአውሮፓ አቆጣጠር) አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ፥ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የሠራውን ቱርቦ ለመፈተን አንድ የአውሮፕላን ሞተር በካሚዮን ጭኖ፥ 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ወደሚባል ተራራ ራስ አወጣው። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ያለ ቱርቦ 230 ያህል ብቻ ሰጠ፤ ቱርቦው በተገጠመለት ጊዜ ግን ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ተመለሰለት። ፈረንጆች ይህን ለማየት ተራራ መውጣት አስፈለጋቸው፤ እኛ ግን የምንኖረው በተራራው ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፤ አቃቂም ከእርሷ ጥቂት ብቻ ዝቅ ይላል። በዚህ ከፍታ የምንተነፍሰው አየር በምጽዋ ወይም በጅቡቲ ካለው ሩብ ያህሉ የጎደለ ነው። ከዚህ የተነሣ የድሮዎቹ ቱርቦ የሌላቸው ሃይሉክሶች ዳገት ላይ ሲያቃስቱ፥ ባለ ቱርቦዎቹ ያልፏቸዋል።

ነገር ግን ይህ ጥቅም በነጻ የሚገኝ አይደለም። አየሩ በሳሳ ቁጥር ቱርቦው ያንኑ ያህል አየር ለማምጣት የበለጠ መፍጠን አለበት። የትንሽ መኪና ቱርቦ በሥራ ላይ ሲሆን በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ በአንድ ወገን ያለው መንኰራኩርም ብረትን በሚያቀላ ጭስ ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ዘንጉ የሚያርፈው በብረት ላይ ሳይሆን፥ ከጸጕር ይልቅ በቀጠነ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ያ ዘይት ለጥቂት ሰኮንድ ቢቋረጥ፥ ቢቆሽሽ ወይም በሙቀት ቢያር፥ ብረት ከብረት ይገናኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የጋራዥ ወሬ ነው።

አሁን ወደ ገላን እንመለስና የሰፈሩን ጠባይ እንመልከት። አንደኛ፥ አቧራው ነው። ከቃሊቲ አደባባይ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚወስደው ሰፊ መንገድ ለዓመታት በሥራ ላይ በነበረ ጊዜ፥ የአካባቢው ሰው የጠጣውን አቧራ አይረሳውም፤ በየሕንጻው መካከልም እስከ አሁን ድረስ ኮብልስቶን ያልደረሰበት ስፍራ ሞልቷል። በበጋ ወራት ጥቁሩ አፈር ይሰነጠቅና እንደ ዱቄት ይቦናል። ይህ አፈር በተቀደደ ወይም በረጅም ጊዜ ባልተለወጠ የአየር ማጣሪያ በኩል ካለፈ፥ በዚያ ፍጥነት የሚዞሩትን ክንፎች እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። ማጣሪያውን በአየር እያስነፉ ዓመት ማቆየት በየጋራዡ የሚታይ ልማድ ነው፤ ሲነፋ ወረቀቱ እየሳሳ እንደሚሄድ ግን የሚያስተውለው ጥቂቱ ነው።

ሁለተኛ፥ ጥድፊያው ነው። ከገላን ተነሥቶ ወደ መርካቶ የሚሄድ ሰው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ካለፈበት በቃሊቲ መንገድ ላይ ሲቆም ይውላል። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ቁር መኪናውን አስነሥቶ፥ የቀዘቀዘው ዘይት ገና ወደ ላይ ሳይደርስ፥ ነዳጅ እየረገጠ ይወጣል። ማታ ደግሞ ከክፍያው መንገድ በፍጥነት የመጣው፥ በቱሉ ዲምቱ ወጥቶ ሰፈሩ እንደ ደረሰ ወዲያው ቁልፉን ይነቅላል። ሞተሩ ሲቆም የዘይቱ መርጫ ይቆማል፤ የጋለው ቱርቦ ግን ወዲያው አይቀዘቅዝም። በውስጡ የቀረው ዘይት እንደ ምጣድ ላይ ቅባት ያርና ጥቁር ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል። ይህ በአንድ ቀን የሚገድል አይደለም፤ በየማታው ጥቂት በጥቂት ቀዳዳውን እየደፈነ ይሄዳል እንጂ።

ሦስተኛው ራሱ ዘይቱ ነው። በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ርካሽ ተብሎ የሚሸጠው የተመሳሰለ ዘይት በቆርቆሮው ላይ ያለው ስም ከውስጡ ካለው ነገር ጋር ዝምድና የለውም።

በገላን የሚኖር፥ ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ አንድ አባወራ አውቃለሁ። ባለ 3 ሊትር ዲ-ፎር-ዲ ሃይሉክሱን ይዞ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ያስተዳድራል። መጋቢት 5 ቀን፥ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል፥ ጎረቤቶቹን ጭኖ ወደ ዝቋላ ሄደ። ከገላን በዱከም በኩል ቢሾፍቱ ድረስ ያለው መንገድ ቀላል ነው፤ ከዚያ ግን አስፋልቱን ትቶ በገጠሩ በኩል ወደ ተራራው ግርጌ፥ ወደ ወንበር ማርያም ይደርሳል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ስትሆን የዝቋላ ራስ 2,989 ሜትር ነው፤ ስለዚህ መኪና በአጭር መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ሊወጣ ነው ማለት ነው፤ ያውም በድንጋይና በአቧራ፥ ሰው ከኋላ ሞልቶበት። ገና ዳገቱን ሲጀምር መኪናዋ ጉልበት አጣች፤ ፉጨቱ ወደ ጩኸት ተለወጠ፤ ከኋላም ሰማያዊ ጭስ ተነሣ። ምእመናኑ ወርደው እንደ ጥንቱ በእግራቸው ወጡ። እርሱም ዝቅ ብሎ መኪናውን እየጎተተ የሚወስድለት ሰው ሲፈልግ ዋለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳስብ። ጭሱ ጥቁር ሆኖ መኪናው ጉልበት ካጣ፥ አብዛኛውን ጊዜ ቱርቦው ሳይሆን አየሩን ወደ ሞተር የሚወስደው ላስቲክ ቱቦ ተቀድዶ ወይም ማሰሪያው ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ትንሽ ወጪ ነው፥ በመጀመሪያም መታየት ያለበት እርሱ ነው። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን ሞተሩ የገዛ ዘይቱን እያቃጠለ ነው። ሰማያዊውን ጭስ እያዩ መንዳት ከገንዘብ ኪሣራ የባሰ ነገር ያመጣል፤ ከተሰበረው ቱርቦ የሚፈስሰው ዘይት ለሞተሩ ነዳጅ ይሆንለትና፥ ቁልፍ ቢነቀል እንኳ ሞተሩ አልቆምም ብሎ እየጮኸ ራሱን እስኪያፈርስ ድረስ ይሮጣል። ያን ጊዜ ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ፥ ትልቁን ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ማነቅ ነው፤ አለዚያም የአየር መሳቢያውን አፍ በጣውላ መድፈን ነው። በእጅ መድፈን ግን ጣትን ማጣት ነው።

አባወራው የመጀመሪያውን መካኒክ ባነጋገረ ጊዜ መልሱ አጭር ነበር፤ ቱርቦው ሞቷል፥ ይለወጥ። አዲሱ ዋጋው ሲነገረው በሳቅና በልቅሶ መካከል ሆነ። ይህም የሚያስገርም አይደለም። በአቃቂ በደርግ ዘመን የተተከለ ትልቅ የመለዋወጫ ፋብሪካ ቢኖርም፥ እርሱ የታሰበው ለፋብሪካዎች የማሽን ክፍል እንዲሠራ እንጂ ለመኪና ቱርቦ አይደለም፤ ቱርቦ ሁሉ ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፥ ከዚያም በኋላ መውጣቱን አልተወም። የመለዋወጫውም ዋጋ ተከትሎት ወጣ። በዚያው ዓመት በጥር ወር በናፍጣና በቤንዚን የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ስለ ተነገረ፥ ያለችውን አሮጌ መኪና ጥሎ ሌላ መግዛትም የማይታሰብ ሆነ። ያለችው ትጠገን ዘንድ ግድ ነው።

ስለዚህ ሰውየው በሦስት በሮች ፊት ቆመ። አንደኛው አዲስ መግዛት ነው። ሁለተኛው በመርካቶ ሶማሌ ተራና በሌሎችም ሱቆች የሚሸጠውን ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የመጣ ቱርቦ መግዛት ነው። ሦስተኛው የራሱን ቱርቦ ቀፎ አስቀርቶ የውስጡን ዘንግ፥ መንኰራኩሮችና ኩሽኔታዎች ማስለወጥ ነው። ከሁሉ ርካሽ የመሰለው ሁለተኛው ነበርና እርሱን መረጠ። ሚስቱ ለሁለተኛው ልጅ ትምህርት ስትሰበስብ የቆየችው ዕቁብ በዚያ ወር ደርሷት ነበር፤ ወጣ። ቱርቦው ተገጠመ፥ መኪናዋም እንደ ድሮዋ ሄደች። ከአርባ ቀን በኋላ ያ ሰማያዊ ጭስ ተመለሰ።

ሁለተኛው መካኒክ ከሰፈሩ ሕንጻዎች በአንዱ ሥር ትንሽ ሱቅ ያለው ወጣት ነው። ቱርቦውን ፈትቶ ዘንጉን በሁለት ጣቱ ወዲያና ወዲህ ነቀነቀው፤ ከዚያም ሳይናገር ብዙ ቆየ።

«ጋሼ» አለ በመጨረሻ፥ «ይህ ቱርቦ ታማሚው ነው እንጂ በሽታው አይደለም። በሽታውን ሳናገኝ ሌላ ብገጥምልዎ እርሱንም ይገድለዋል።»

«ታዲያ ልጄ፥ እስከ ዛሬ የከፈልሁት ገንዘብ ምን ሆነ?»

«እርሱን አልመልስልዎም። ዛሬ የሚከፍሉት ግን እንዳይደገም አደርጋለሁ። ከሥር ያለውን የዘይት ማጠራቀሚያ እንዳወርደው ይፍቀዱልኝ።»

አወረደው። ዘይቱ የሚሳብበት ወንፊት በጥቁር ዝፍት ተደፍኖ፥ የቀረው ቀዳዳ ጥቂት ብቻ ሆኖ ተገኘ። የዚህ ዐይነት ሞተር የታወቀ ሕመም ነው፤ ነዳጁን በሚረጩት ኢንጀክተሮች ሥር አንዳንድ ቀጭን የመዳብ ቀለበት አለ። ያ ቀለበት ሲያረጅ፥ በእሳቱ ክፍል መቅረት የነበረበት ጭስ አምልጦ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ዘይቱ በጥላሸት ይወፍራል፤ ወንፊቱ ይደፈናል፤ ዘይቱ ያንሳል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠማው ደግሞ ከሁሉ የሚፈጥነው፥ ቱርቦው ነው። አራቱ የመዳብ ቀለበቶች በአንድ ላይ የሚያወጡት ዋጋ ከቱርቦው ዋጋ ጋር በአንድ አፍ የሚጠራ አይደለም። በገላን ሰዎች ለቱርቦ ከፈልን የሚሉት ገንዘብ፥ ብዙው የተከፈለው ለቱርቦ ሳይሆን ምክንያቱን ሳይፈልጉ ለመለወጥ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ስለ ሦስቱ በሮችም የታዘብሁትን ልናገር። ያገለገለ ቱርቦ የሚገዛ ሰው፥ ሌላ ሰው በሌላ አገር እንዴት እንደ ነዳው የማያውቀውን ዕቃ ነው የሚገዛው፤ ሻጩ ቢምልም ሻጩም አያውቅም። የውስጡን ማስለወጥ ጥሩ ነው፥ ነገር ግን አዲሶቹ መንኰራኩሮች በማሽን ላይ ሚዛናቸው ካልተመረመረ፥ በዚያ ፍጥነት የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ክብደት ልዩነት ኩሽኔታውን ይበላዋል። ስለዚህ «በእጄ አስተካክዬዋለሁ» የሚል ባለሙያ ቢገኝ አመስግኖ መሄድ ነው። አዲሱ ደግሞ ውድ ነው። ሆኖም ከሦስቱ የትኛውም ቢመረጥ፥ ዘይቱና የዘይት ማጣሪያው ሳይለወጥ፥ ወደ ቱርቦው የሚወስደው ቀጭን የዘይት ቱቦና የሚመልሰው ቱቦ ሳይጸዳ፥ ከተሰበረው ክንፍ የቀረ ስብርባሪ በአየር ቱቦዎቹ ውስጥ አለመኖሩ ሳይታይ መኪናው ከጋራዥ ቢወጣ፥ ባለቤቱ የከፈለው ለአርባ ቀን ኪራይ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ደግሞ ጭሱን የሚመሩት ትንንሽ ክንፎች በጥላሸት ተይዘው ሲቆሙ ቱርቦው የሞተ የሚመስልበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ማጽዳት ብቻ ይበቃል።

ወጣቱ አራቱን ቀለበቶች ለወጠ፤ ወንፊቱን አጸዳ፤ የአባወራውን የመጀመሪያ ቱርቦ ቀፎ ከቤቱ አስመጥቶ ውስጡን ሚዛን ባለው ቤት አስለወጠ። አሮጌዎቹንም ክፍሎች በጋዜጣ ጠቅልሎ ለባለቤቱ ሰጠ። ይህ የኋለኛው ልማድ በብዙ ጋራዥ የለም፤ ቢኖር ግን ብዙ ጠብ ይቀንስ ነበር። ወጪው ከዕቁቡ የቀረውንና የሁለት ወር የባንክ ክፍያ ወሰደ። ሚስቱ በዚያን ጊዜ ምንም አልተናገረችም ይላል፤ በኋላ ግን የመኪናዋን ነገር በደብተር መያዝ ጀመረች። ዘይት በየ5,000 ኪሎሜትሩ የሚለወጥበትን ቀን፥ የአየር ማጣሪያውን፥ የገዙበትን ሱቅ፥ ሁሉንም ከአስቤዛው ሒሳብ ጎን ትጽፈዋለች። ባሏ ማለዳ ቁልፉን ሲያዞር ከበረንዳው ሆና ትመለከታለች፤ ሞተሩ ጥቂት ሳይሠራ ከተነቃነቀ ድምፅዋ እስከ ሦስተኛው ሕንጻ ይሰማል ብለው ጎረቤቶች ይሥቃሉ።

በጥቅምት 5፥ በዚያው በጻድቁ በዓል፥ እንደገና ወደ ዝቋላ ወጡ። ዳገቱን በትንሽ ማርሽ፥ ሳይጣደፉ ወጡት። ራሱ ላይ በደረሱ ጊዜ ከኋላ የነበሩት ጎረቤቶች ነጠላቸውን እያራገፉ ወረዱ፤ ሞተሩ ግን በዝግታ እየጉረመረመ ቀረ።

«ጋሼ፥ ደርሰናል እኮ፤ ያጥፉት እንጂ!» አለ አንድ ወጣት።

ሚስቱ በጋቢናው ውስጥ ሰዓቷን ይዛ ተቀምጣ ነበር። «ሁለት ደቂቃ አልሞላም» አለችው።